ውኃ ሲሸሽ ስለሚቀረው ጭቃና በውስጡ ስለሚሠሩት ረቂቃን ተሐዋስያን

በአሶሳና በመላው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ለሚገኙ ገዢዎች፣ የወረዳ ሹማምንትና መሬት ለያዙ ሁሉ የቀረበ ማብራሪያ

አገር የሚያስተዳድር ሰው መሬትን የሚታረስ፣ የሚጋጥ፣ ደን የለበሰ ብሎ ለይቶ ያውቃል፤ ለእያንዳንዱም ደንብና ጠባቂ ያበጃል። በአባይ ሸለቆ ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከነዚህ ከሦስቱ የተለየ መሬት ተገኝቷል። ይኸውም ከዓመቱ ከፊሉን ጊዜ ከውኃ በታች ሆኖ፥ ከፊሉን ደግሞ ለፀሐይ ተገልጦ የሚኖር ጭቃ ነው። ይህ መሬት እርሻም ሐይቅም አይባልም። ነገር ግን የሐይቁ ዓሣ፣ የዳርቻው ሕዝብ የመጠጥ ውኃና የከብቱ ጤና በርሱ ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ፥ በውስጡ የሚደረገው ሥራ እንዴት እንደ ሆነ ሹማምንትና ባለ ይዞታዎች ሊያውቁት ይገባል።

በጉባ ወረዳ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ከሐምሌ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ውኃ መያዝ ጀመረ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። የዋናው ግድብ ቁመት 145 ሜትር፣ ርዝመቱም 1,780 ሜትር ነው። ከበስተኋላው የተኛው፥ ንጋት የተባለው ሐይቅ በሞላ ጊዜ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፤ የውኃውም ፊት ከባሕር ወለል በላይ 640 ሜትር ይደርሳል። በሰሜን የጉባ፣ በደቡብም በአሶሳ ዞን ያሉት የሸርቆሌና የመንጌ ወረዳዎች የዚህ ሸለቆ ጎረቤቶች ናቸው።

ሐይቁ በአንድ ከፍታ ላይ የሚቆም አይደለም። የአባይ ውኃ አብዛኛው በሐምሌ፣ በነሐሴና በመስከረም ስለሚመጣ ሐይቁ በክረምት ይሞላል፤ በበጋ ደግሞ ኃይል ለማመንጨት ውኃው እየወጣ ዝቅ ይላል። 100 ሜትር ሲሄዱ 1 ሜትር ብቻ የሚያዘቀዝቅ ዳርቻ ቢኖር፥ ውኃው 5 ሜትር በወረደ ጊዜ 500 ሜትር ስፋት ያለው ጭቃ ይገለጣል ማለት ነው። በጣና ዙሪያ ያሉ የፎገራና የደንቢያ ገበሬዎች እንዲህ ያለውን መሬት ባሕር ሸሽ ብለው ይጠሩታል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ስም እንጠቀማለን።

1ኛ፤ ስለ አልጌ

ውኃው በሸሸ በጥቂት ቀን ውስጥ የጭቃው ፊት ቡናማ ወይም አረንጓዴ ቀለም ይይዛል፤ በእጅ ሲነኩትም ያሙለጨልጫል። ይህ ቆሻሻ አይደለም፤ አልጌ የሚባሉ በዓይን ተለይተው የማይታዩ ደቃቅ ዕፀዋት ናቸው። አልጌም እንደ ማሽላና እንደ ማንጎ ዛፍ በፀሐይ ብርሃን ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ምግቡን ይሠራል። በጭቃ ውስጥ ብርሃን ከጥቂት ሚሊ ሜትር በላይ ስለማይዘልቅ፥ ይህ ሁሉ እርሻ ከጥፍር ውፍረት እምብዛም በማይበልጥ ቆዳ ላይ የሚካሄድ ነው።

አልጌ የሠራውን ሁሉ ለራሱ አያስቀርም። ካርቦን ያለበትን ምግብ ከፊሉን እንደ ስኳርና እንደ ሙጫ አድርጎ ወደ ውጭ ያፈሳል። ጭቃውን የሚያሙለጨልጨው ይኸው ሙጫ ነው። ጥቅሙም ብዙ ነው፤ አልጌውን ከድርቀት ይጠብቀዋል፣ በጭቃው ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች ለመንሸራተት ይረዳዋል፣ የደለሉንም ቅንጣት እርስ በርሱ አጣብቆ ማዕበል እንዳያጥበው ይይዘዋል። ስለዚህ ሰውና ከብት ያልረገጠው የጭቃ ቆዳ የዳርቻው የመጀመሪያ እርከን ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

2ኛ፤ ስለ ባክቴሪያ

አልጌ ባፈሰሰው ሙጫ የሚኖሩት ባክቴሪያ የሚባሉት ረቂቃን ተሐዋስያን ናቸው። በአንድ ግራም ጭቃ ውስጥ ቁጥራቸው ከመቶ ሚሊዮን እስከ ቢሊዮን ይደርሳል። ሙጫው ረጅም የስኳር ሰንሰለት ስለ ሆነ በባክቴሪያ ገላ ውስጥ እንዳለ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ ባክቴሪያ ኢንዛይም የተባለውን ፈሳሽ ወደ ውጭ ይረጫል፤ ሰንሰለቱም በዚያ ተቆራርጦ ትንንሽ ስኳር ከሆነ በኋላ ይመገበዋል። እርሾ በሊጥ ውስጥ፣ ብቅልም በጠላ ጋን ውስጥ የሚሠሩት ሥራ የዚህ ዘመድ ነው። ቀላሉ ስኳር በሰዓታት ውስጥ ያልቃል፤ ጠንካራው ሙጫ ግን ሳምንታት ይቆያል።

ባክቴሪያው ከተመገበው ካርቦን ከፊሉን የራሱን ገላ ይሠራበታል፤ የቀረውን እየተነፈሰ መልሶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያደርገዋል። ገላ የሆነውን ደግሞ ሌሎች ጥቃቅን እንስሳትና ትሎች ይበሉታል፤ እነዚያንም የዓሣ ጫጩት ይበላቸዋል። እንግዲህ ከማይታየው ቆዳ ተነሥቶ እስከ አስጋሪው መረብ የሚደርስ የማዕድ ቅብብል አለ ማለት ነው።

ከዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ነገር የባክቴሪያው አተነፋፈስ ነው። ኦክሲጅን እስካለ ድረስ በኦክሲጅን ይተነፍሳል። ኦክሲጅን ግን በጭቃ ውስጥ ከጥቂት ሚሊ ሜትር በታች አይገኝም። ከዚያ ወዲያ ያሉት ወገኖች በናይትሬት፣ ከዚያም በማንጋኒዝና በዛገ ብረት፣ ከዚያም በሰልፌት ይተነፍሳሉ፤ ይህም ሁሉ ሲያልቅ ሜቴን የተባለውን ጋዝ የሚሠሩት የመጨረሻዎቹ ይነሣሉ። የሚበሉት ምግብ ሥሩ አንድ ሲሆን፥ በአተነፋፈሳቸው እንዲህ ይለያያሉ። ባለሥልጣን ያለ መሣሪያ ይህን በዓይኑና በአፍንጫው ሊያውቀው ይችላል። ቡናማ ጭቃ አየር ያለው ነው፤ የጠቆረና የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጭቃ በሰልፌት የሚተነፍሱት የነገሡበት ነው፤ ዱላ ሲሰኩበት አረፋ የሚያወጣ ጭቃ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሜቴን የቋጠረ ነው።

3ኛ፤ በባሕር ዳር የተመረመረው

ይህ ነገር በብዙ ጥንቃቄ የተመረመረው ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ እየሞላና እየጎደለ ሰፊ ጭቃ በሚገልጥባቸው አገሮች ነው። በኔዘርላንድ በሼልዴ ወንዝ አፍ ያሉ ሊቃውንት ከተራው ካርቦን ጥቂት ከበድ የሚለውን ካርቦን 13 በተገለጠው ጭቃ ላይ ረጭተው መንገዱን ተከታተሉት፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ2000 አሳተሙ። አልጌ የወሰደው ካርቦን በሰዓታት ውስጥ በባክቴሪያና በጥቃቅን ትሎች ገላ ውስጥ ተገኘ። ከዚህ የምንማረው፥ አልጌና ባክቴሪያ እንደ ሁለት የተራራቁ ጎረቤቶች ሳይሆኑ በአንድ ገበታ እንደሚቀርቡ ቤተ ሰቦች መሆናቸውን ነው። አንዱ ሲበዛ ሌላውም ወዲያውኑ ይበዛል።

የእኛ ባሕር ሸሽ ግን ከዚያ በሁለት ነገር ይለያል። መጀመሪያ፥ በባሕር ዳር በአሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ የሚፈጸመው መግባትና መውጣት በእኛ ዘንድ ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ጭቃው በበጋ ፈጽሞ ይደርቃል፤ ሣርም ይበቅልበታል። ኤች. ኤፍ. በርች የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1958 በምሥራቅ አፍሪቃ አፈር ላይ እንዳስረዳው፥ የደረቀ አፈር እንደገና ሲረጥብ ባክቴሪያው በድንገት ይነቃና በጥቂት ቀን ውስጥ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ናይትሮጅን ይለቃል። ገበሬ የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩን ያነቃዋል የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። የሐይቁም ውኃ በክረምት ተመልሶ በደረቀው ጭቃ ላይ ሲወጣ ይኸው ይደርሳል።

ሁለተኛ፥ የባሕር ውኃ ሰልፌት ስለ በዛበት አየር ባጣው የባሕር ጭቃ ውስጥ በሰልፌት የሚተነፍሱት ይበረታሉ፤ ሜቴን ሠሪዎችም ቦታ ያጣሉ። ጨው በሌለው በወንዝና በሐይቅ ውኃ ግን ሰልፌት ጥቂት ስለ ሆነ ፈጥኖ ያልቅና ሜቴን ሠሪዎች ይነግሣሉ። ሜቴን በመቶ ዓመት ሒሳብ ሲታሰብ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 27 እጥፍ ያህል ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ነው። በቻይና ሦስቱ ገደሎች በተባለው ግድብ ውኃው በ145ና በ175 ሜትር ከፍታ መካከል በየዓመቱ ሲወጣና ሲወርድ 350 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ይገለጣል፤ ረግረግ ከሆነው ክፍሉም ሜቴን እንደሚወጣ ተለክቷል።

4ኛ፤ ጥቅሙ ወደ ጉዳት የሚለወጥበት መንገድ

እስካሁን የተነገረው ሥራ በልኩ ከሆነ በረከት ነው። ዓሣን ይመግባል፣ ውኃን ያጠራል፣ አፈርን ያለማል። ከልኩ ሲያልፍ ግን ጉዳቱ ምን ያህል እንደ ሆነ በቁጥር እናስረዳ። 1 ግራም ካርቦን በባክቴሪያ ተፈጭቶ ፈጽሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እስኪሆን ድረስ 2.7 ግራም ያህል ኦክሲጅን ይበላል። በቆላ ሙቀት 1 ሊትር ውኃ ከ8 ሚሊ ግራም ብዙ የማይበልጥ ኦክሲጅን ይይዛል። ስለዚህ የአንዲት ግራም ካርቦን መበስበስ የ330 ሊትር ውኃ ኦክሲጅን ይጨርሳል። 1 ኪሎ ደረቅ ሣር 400 ግራም ያህል ካርቦን ስላለው፥ ከውኃ በታች ሲበሰብስ የ130 ሜትር ኩብ ውኃ ኦክሲጅን ሊወስድ ይችላል። አንድ ባለ ይዞታ በባሕር ሸሽ ላይ ትቶት የሄደው የአገዳ ክምር ስንት ኪሎ እንደሚመዝን እያንዳንዱ ይገምት።

ማን ነው ታዲያ ልኩን የሚያሳልፈው ቢሉ፥ ከዳገት የሚወርደው አፈር ነው። የአሶሳ ቀይ አፈር ሲታጠብ ፎስፎረስ የተባለውን የአልጌ ማዳበሪያ ተሸክሞ ይወርዳል። አየር ባለበት ጭቃ ውስጥ ይህ ፎስፎረስ ከዛገ ብረት ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል። ነገር ግን ባክቴሪያው ኦክሲጅኑን ጨርሶ በብረቱ መተንፈስ ሲጀምር ብረቱ ይሟሟል፤ የታሰረውም ፎስፎረስ ተፈትቶ ወደ ውኃው ይመለሳል። ያን ጊዜ አልጌው ከቀድሞው ይልቅ ይበዛል፤ የበዛው አልጌም ሲሞት ለባክቴሪያው ምግብ ይሆናል፤ ባክቴሪያውም የቀረውን ኦክሲጅን ይጨርሳል። እንዲህ ያለው ነገር አንድ ጊዜ ከተጀመረ ራሱን በራሱ የሚያዞር ወፍጮ ነው። ስለዚህ ማስቆም የሚቻለው ሳይጀመር ነው።

በአገራችንም ምሳሌው አለ። እ.ኤ.አ. በ1960 በአዋሽ ላይ በተሠራው በቆቃ ግድብ፣ ለአዲስ አበባም የመጠጥ ውኃ በሚሰጠው በለገዳዲ ግድብ ማይክሮሲስቲስ የተባለው አረንጓዴ ተሐዋሲ በዝቶ ታይቷል። ይህ ነገር አልጌ ቢመስልም ወገኑ ከባክቴሪያ ነው፤ ጉበት የሚጎዳ መርዝም ይሠራል፤ መርዙም በቆቃ ውኃ ውስጥ ተገኝቷል። በውጭ አገር ደግሞ በፈረንሳይ ጉያና እ.ኤ.አ. በ1994 ውኃ መያዝ የጀመረው የፕቲ ሶ ግድብ ደን ሳይመነጠርለት ስለ ተሞላ፥ ኦክሲጅን አልባ የሆነው ውኃ ከግድቡ በታች ላለው ወንዝ ሥጋት ሆነ። ስለዚህም ውኃው እየተፏፏተ አየር እንዲያገኝ ከግድቡ በታች ሌላ ትንሽ ግድብ መሥራት ግድ ሆነ።

በዚህ አገር ሌላም የተለየ ነገር አለ። ከጥንት ጀምሮ በቤኒሻንጉል ወርቅ ከወንዝ አሸዋ እየታጠበ ይወጣል። ወርቁን ለመያዝ ባዜቃ፥ ማለት ሜርኩሪ የተጨመረበት እንደ ሆነ፥ ባዜቃው በጎርፍ ተወስዶ ወደ ሐይቁ ጭቃ ይገባል። ኦክሲጅን በሌለበት በሰልፌትና በብረት የሚተነፍሱ ባክቴሪያዎች ይህን ባዜቃ ሜቲል ሜርኩሪ ወደሚባል እጅግ የከፋ መርዝ ይለውጡታል። መርዙ ከትንሹ ሕያው ወደ ትልቁ ሲተላለፍ እየበዛ ይሄዳል፤ በትልቅ ዓሣም ሥጋ ውስጥ ይከማቻል፤ እርጉዝ ሴት ስትበላውም የፅንሱን አእምሮ ይጎዳል። እንግዲህ የአልጌው ሙጫ ለባክቴሪያው ጉልበት ሲሰጥ፥ ባዜቃ ባለበት ቦታ ጉልበቱ ለክፉ ሥራ ይውላል።

5ኛ፤ ሹማምንትና ባለ ይዞታዎች ሊያደርጉት የሚገባ

የግድቡን ዳርቻ የሚመለከተው ሕግ እንደ ተጠበቀ ሆኖ፥ የሚከተሉት ነገሮች በየወረዳው ቢፈጸሙ ብዙ ጉዳት ይቀራል።

አንደኛ፤ ወደ ሐይቁ በሚወርዱ ወንዞችና ጅረቶች ግራና ቀኝ ቀርከሃና ሣር ሳይቆረጥ እንዲቆይ ማድረግ ይገባል። የቆላ ቀርከሃ የዚህ አገር ሀብት ነው፤ ሥሩም አፈርን አጥብቆ ይይዛል። ቀርከሃ ለሽያጭ የሚቆርጥ ሰው ከውኃ ራቅ ካለው ጫካ ይቁረጥ።

ሁለተኛ፤ በባሕር ሸሽ ላይ መዝራት የተፈቀደለት ሰው ቶሎ የሚደርስ እህል ይዝራ፤ ዩሪያና ሌላም የፋብሪካ ማዳበሪያ አይጨምር። አዲስ ደለል ብዙ ምግብ ስላለው ማዳበሪያው ከገበሬው ይልቅ አልጌውን ይጠቅማል። እህሉ ሲሰበሰብም አገዳውና ገለባው ክረምት ሳይገባ ከውኃው መድረሻ በላይ ይውጣ፤ ለከብት መኖ ወይም ለቤት ክዳን ይሆናል።

ሦስተኛ፤ ከብት በወደደው ቦታ ወደ ውኃው አይግባ። ጠንካራ መሬት ያለበት አንድ መውረጃ ተመርጦ በዚያ ይጠጣ። እንዲህ ሲሆን የጭቃው ቆዳ አይፈርስም፤ እበትም በየዳርቻው አይበተንም።

አራተኛ፤ ውኃው አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት መስሎ ሲታይ ወይም አረንጓዴ አሰር በዳር ሲከማች፥ ሰውም ከብትም ከዚያ ቦታ እንዳይጠጣ ወዲያውኑ ይታወጅ። ከሁሉ በላይ ለሕዝብ ሊነገር የሚገባው፥ ውኃውን ማፍላት ይህን መርዝ የማያጠፋው መሆኑ ነው። ማፍላት የተቅማጥ ተሐዋስያንን ይገድላል፤ የማይክሮሲስቲስ መርዝ ግን እሳት አይበግረውም። አሰሩን በመድኃኒት ለመግደል መሞከርም አይገባም፤ ተሐዋሲው በአንድ ጊዜ ሲሞት የቋጠረውን መርዝ ሁሉ ወደ ውኃው ይለቃልና። ከዳርቻው ርቆ የተቆፈረ ጉድጓድ ከዚህ ውኃ ይሻላል።

አምስተኛ፤ አስጋሪዎች ጎሕ ሲቀድ ውኃውን እንዲያዩ ይታዘዙ። አልጌ በቀን ብርሃን ኦክሲጅን ይሠራል፤ ሌሊት ግን እርሱም ባክቴሪያውም ይበላሉ እንጂ የሚሠራ የለም። ስለዚህ ኦክሲጅን እጅግ የሚያንሰው ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው። ያን ጊዜ ቆሮሶ በውኃው ፊት ላይ አፉን ከፍቶ ሲያለከልክ ከታየ ውኃው ታፍኗል ማለት ነው። አምባዛ ከአየርም ስለሚተነፍስ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ ስለዚህ አምባዛ በሕይወት አለ ተብሎ ውኃው ደኅና ነው አይባል። ሞቶ የተገኘ ዓሣም ለገበያ እንዳይወጣ ይከልከል።

ስድስተኛ፤ ወርቅ በሚታጠብበት ቦታ ሁሉ ባዜቃ እንዳይጨመር ወርቅ አውጪዎችን ማስረዳትና መቈጣጠር ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ከጭቃ የገባ ባዜቃ በትውልድ ዘመን አይወጣም።

ሰባተኛ፤ በየወረዳው ዳርቻ ቁጥር የተጻፈበት እንጨት ተተክሎ፥ ውኃው የደረሰበት ከፍታ፣ የጭቃው ቀለምና ሽታ፣ ዓሣ የሞተበት ቀን በየሳምንቱ በመዝገብ ይጻፍ። ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ አንድ ጥንቁቅ ሰው ለዚህ ይበቃል። እንዲህ ያለው መዝገብ ከጥቂት ዓመት በኋላ በአሶሳ ለሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ሊቃውንት ታላቅ መረጃ ይሆናል፤ ለሚመጣውም ሹም መሪ ነው።

አንዳንድ ሰው፥ በዓይን የማይታይ ነገር ምን ያስጨንቀናል፥ ከፊታችን ያለው የእህልና የመንገድ ሥራ ይበቃናል ይል ይሆናል። ነገር ግን በዚህ ሸለቆ የበርታው፣ የጉሙዙ፣ የሺናሻው፣ የማኦውና የኮሞው ገበሬ ከአዲሱ ሐይቅ ዓሣና ውኃ ይጠብቃል። ዓሣው የሚበዛውም ሆነ የሚታፈነው፥ ውኃው የሚጠራውም ሆነ የሚመረዘው በግድቡ ዘንድ ብቻ አይደለም፤ በየጅረቱ አፋፍ፣ በየማሳው ጠርዝና በየወርቅ መታጠቢያው ነው። ይህ ስፍራ ደግሞ በእያንዳንዱ የወረዳ ሹምና በእያንዳንዱ ባለ ይዞታ እጅ ያለ ነው። ዳገቱን የጠበቀ ሰው ጭቃውን ጠበቀ፤ ጭቃውን የጠበቀም ሐይቁን ጠበቀ። ስለዚህ ከሚመጣው ክረምት አስቀድሞ በየወረዳው ምክር ተደርጎ፥ ከላይ ከተዘረዘሩት ለአገሩ የሚስማማው እንዲጀመር እናሳስባለን።